ሐሙስ ዕለት ሞጋካ የት ነበር?

አንድ ነገር ላዋያችሁ፤ በእኔና በእናንተ መካከል ይቅር። እስካለፈው ወር ድረስ አንድ ረቂቅ ሕግ «ለሦስተኛ ጊዜ ተነበበ» ሲባል፣ አንዱ የፓርላማ አባል ተነስቶ ከዳር እስከ ዳር ጮክ ብሎ፣ ያውም ለሦስተኛ ጊዜ፣ የሚያነበው ይመስለኝ ነበር። ይህን ሁሉ ዓመት መጽሔት ላይ ስጽፍ የኖርኩ ሴትዮ። መስሎኝ ዝም ብል ደግ ነበር። ከኪሲ ወደ ኬሮካ በምትሄድ የማታቱ ሚኒባስ ውስጥ የሻይ ቀረጡ ክርክር ሲጦፍ፣ እኔም አልቀርም ብዬ «ሦስት ጊዜ ተነቦላቸው ካልገባቸው ጆሯቸውን ይታዩ» አልኩና አረፍኩት።

አጠገቤ የተቀመጠችው ልጅ ሳቋን በሻርፗ አፈነችው። ቀስ ብላ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለችና «እትዬ፣ መጀመሪያ ላይ ርዕሱ ብቻ ነው የሚነበበው። ሁለተኛው ክርክር ነው። ሦስተኛው ላይ ድምፅ ይሰጣሉ፤ ማንም ቁጭ ብሎ የሚያነብ የለም» አለችኝ።

«አንቺ በምን አወቅሽ?»

«የሞጋካ ቢሮ ነው የምሠራው።»

በሹክሹክታ ነበር ያለችው፤ ረዳቱ ግን ሰማ። «ባለሻንጣዋ ናት ለካ» አለ መኪናው ሁሉ እንዲሰማ። «እህት፣ ለሻንጣውም ይከፈላል እኮ።» ተሳፋሪው በሳቅ ፈነዳ። የልጅቷ ፊት ጠቆረ። ኬሮካ ሳንደርስ ወረደች፤ እኔም ወሬ የሚያልፈኝ ሰው አይደለሁምና ተከትያት ወረድኩ።

ስሟን ኛንቻማ እንበላት። የሁሉንም ስም ለውጫለሁ።

ነገሩን ለማታውቁት ላሳጥረው። ሕጉ ገበሬው ከሚያስረክበው ከእያንዳንዱ ኪሎ የሻይ ቅጠል መንግሥት እንዲቆርጥ የሚፈቅድ ነው። በምርጫ ምልክቱ መሰላል የሚባለው ገዢው ፓርቲ አመጣው፣ ከበሮ የሚባለው ተቃዋሚ ፓርቲ እንቢ አለ። የእኛው የፓርላማ አባል ሞጋካ የከበሮ ሰው ነው፤ ገበያ መሃል ቆሞ «እኔ እያለሁ አያልፍም» ብሎ የማለ። ድምፁ በሜይ ወር፣ ሐሙስ ዕለት ተሰጠ። ሕጉ በአንድ ድምፅ ብልጫ አለፈ። የሞጋካ ወንበር ባዶ ነበር።

ከዚያ ወዲህ ከበሮ «መሰላል ገዛው» ይላል። መሰላል ደግሞ «ሕጉ አልፎ በምርጫ ልትወቅሱን፣ እናንተው ናችሁ ሰውያችሁን ያስቀራችሁት» ይላል። መሃል ላይ የተገኘችው ኛንቻማ ናት። ድምፁ በተሰጠ ሳምንት ከሞጋካ ቢሮ ጥቁር ነገር ይዛ ወደ አባቷ ቤት ስትገባ ታየች። ለዲሴምበር የታሰበው ሰርጓ እዚያው ላይ ቆመ። የሙሽራው አባት፣ የከበሮ ነባር፣ «የሻንጣው ነገር ሳይጠራ ለሽምግልና አልቀመጥም» አለ።

«ምን ነበር ውስጡ?» አልኳት።

«ሻንጣ አይደለም፤ ቦርሳ ነው» አለች። «ምን እንደነበረበት አውቃለሁ። የምናገረው ግን እኔ አይደለሁም።»

ቀጥሎ ያሉትን ደብዳቤዎች ያገኘኋቸው ከዚያ በኋላ ነው። የሚጻጻፉት የኛንቻማ አባት ሞማኚ፣ የመንደራቸው የሻይ ገበሬዎች ሊቀ መንበር፣ እና ቦሲቦሪ ናቸው። ቦሲቦሪ የሞማኚ የአጎት ልጅ ልጅ ናት፤ እንግሊዝ አገር ሊድስ ከተማ አረጋውያን ታስታምማለች። ሁለቱም እንዲወጣ ፈቅደዋል፤ እሷ ወዲያው፣ እሱ ብዙ አስቦ፣ «ከሰኞ በፊት ገበያ ላይ እንዳላየው» ብሎ።

*

ሜይ 19

ለልጄ ለቦሲቦሪ፣

ያለሽበት አገር ብርዱ ለቀቅ፣ ሥራሽ ቀለል እንዲልልሽ እየተመኘሁ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኛ ከሐዘኑ በቀር ደህና ነን፤ ጌታ ይመስገን።

የወንድሜን የኦንጌሪን ቀብር በክብር ፈጽመናል። የላክሽው ደርሶ አስከሬኑን ከሆስፒታል ለማውጣት ረድቶናል፤ እጅሽ አይጠር። ሐሙስ ቀበርነው። ቅዳሜ ሰንበታችን ነው፤ ዓርብ ከሆነ ደግሞ የሩቁ ሰው ፀሐይ ጠልቃ ሰንበት ሳይገባ ቤቱ አይደርስም፤ ይህን አንቺም አድገሽበታል። ዝናቡ ሲወርድ ሰነበተ፤ ጉድጓዱ አጠገብ ጭቃው እስከ ቁርጭምጭሚት ነበር። ያም ሆኖ ያልመጣ ሰው የለም። ሴቶቹ ሙዙንም ሥጋውንም አትረፍርፈው ሠርተው፣ ሰው በልቶ ጠግቦ ሄደ።

ሕጉም አለፈ፤ ሰምተሻል። መሰላሎች በሉን። ስለ ሞጋካ ብዙ ይወራል፤ የሚወራውን ሁሉ አትመኚ።

የኦንጌሪ ሚስት ቤቷ ያፈሳል። ለጥቂት ቆርቆሮ የሚሆን ብትረጃት በረከት ነው።

በስልክ ያልጻፍኩልሽ የስልኩ ፊደል ስለማይታየኝ ነው። መልእክት የምታነብልኝ ኛንቻማ ናት፤ የት እንደምትሠራ ታውቂያለሽ። አንዳንዱ ነገር በእሷ በኩል ባያልፍ ይሻላል። አንቺም በወረቀት ጻፊልኝ።

ጠዋትና ማታ በጸሎት የሚያስብሽ፣
ሞማኚ

*

ጁን 8

ለማከብርዎ አባባ ሞማኚ፣

ጌታ ጉልበትዎን ያበርታ፣ የሐዘን ቤትዎንም በደስታ ይተካው። ጋሼ ኦንጌሪን ቆሜ አለመሸኘቴ አሁንም ያንገበግበኛል። ካሜራ የያዘ ሰው ነበር አሉ፤ የቀረጸውን ቢልኩልኝ እዚህ ሆኜ አለቅስበታለሁ።

የሞጋካ ነገር ግን እንቅልፍ ነስቶኛል። እዚህ የከበሮ ደጋፊዎች በየእሁዱ እንሰበሰባለን፤ የኔ ድርሻ መጻፍ ነው። ፎቶውን ላዩ ላይ ቀይ መስመር አስምሬበት ለሁሉም በትኛለሁ። እናቴ የተከለችው ሻይ፣ ጀርባዋ የጎበጠበት ሻይ፣ አሁን የሚለቀመው ለመሰላል ሆነ። የማስታምማቸው ሽማግሌ በጉልምስናቸው የሠራተኛ ማኅበር መሪ ነበሩ፤ ነገሩን ስነግራቸው «ሰውዬው ለምን እንደቀረ ጠይቃችሁታል?» አሉኝ። «ምኑ ይጠየቃል፣ ወንበሩ ባዶ ነበር» አልኳቸው።

አንዲት ልጅ ከቢሮው ሻንጣ ተሸክማ ወደ አንድ ትልቅ ሰው ቤት ስትገባ መታየቷንም ጽፌያለሁ። ልጅቷ ማን እንደሆነች እዚህ የሚያውቅ የለም። እርስዎ ሰምተዋል?

አንድ ነገር ልለምንዎ። ሞጋካ ከፓርቲው እንዲባረር የገበሬውን ፊርማ ያሰባስቡ። ሊቀ መንበሩ ካልጀመረው ማን ይጀምረዋል? የቆርቆሮውን በወሩ መጨረሻ እልካለሁ።

ልጅዎ፣
ቦሲቦሪ

*

ጁን 30

ለልጄ ለቦሲቦሪ፣

ሰላምና ጤና ካንቺ ጋር ይሁን። ደብዳቤሽ ደርሶኛል። ለመመለስ የዘገየሁት በቅጠል ሥራ ነው።

ፊልሙን በተመለከተ፣ የካሜራ ሰውዬው መሣሪያ ዝናብ ገብቶበት ለጥገና ሄዷል። ሲመለስ እናያለን። ፊርማው ጥሩ ሐሳብ ነው፤ ግን ገበሬው አሁን ከማሳው ቀና የሚልበት ጊዜ የለውም። ትንሽ ይቆይ።

አንድ ነገር ልንገርሽ። ድምፁ የሚሰጠው ከዚያ ሐሙስ በኋላ ባለው ማክሰኞ ነበር። ወደ ሐሙስ ያዞሩት መሰላሎች ናቸው። ለምን ሐሙስ? ማን ነገራቸው? በመንደራችን የመሰላል ጆሮ አለ ብዬ እጠረጥራለሁ። ቅጠል የሚመዝነውን ኦምዌንጋን ታውቂዋለሽ፤ ትናንት ሚዛኑ ላይ ቆሞ «ሊቀ መንበር፣ ከበሮህ ዘንድሮ ዝም አለ» አለኝ፤ ሰው ፊት። «መሰላል ላይ የወጣ ሲወርድም እናያለን» አልኩት። ሳቀ። አሳሳቁን አልወደድኩትም፤ የሚያውቀው ነገር አለ።

የሻንጣውን ወሬ ግን ብትተይው እመርጣለሁ። የሰው ልጅ ይጎዳል።

ለቆርቆሮው አትጨነቂ፤ ተገኝቷል።

ሞማኚ

*

እዚህ ላይ ደብዳቤውን አስቀምጬ ለራሴ ሻይ ቀዳሁ። ሰው ሲለምነኝ አልጠረጥረውም፤ ሲለምን ቆይቶ «ተገኝቷል» ሲለኝ ነው ጆሮዬ የሚቆመው። የቦሲቦሪም ጆሮ እንደኔ ነው።

*

ጁላይ 14

አባባ ሞማኚ፣

ሰላም ለቤትዎ።

ዛሬ ብዙ አልጽፍም። አራት ነገር አልገባኝ ብሎ ያበግነኛል፤ ይመልሱልኝ። በሜይ ደብዳቤዎ የመበለት ጣራ ብለው ለመኑኝ፤ ሳልልክ ተገኝቷል አሉ። ከየት ተገኘ? ፊልሙ ዝናብ ገባበት አሉ፤ የአጎትዎ ልጆች በስልካቸው የቀረጹት የለም ወይ? ፊርማ አሰባስቡ ብዬ ለመንኩ፤ ማሳ አሉ። እርስዎ ለቅጠል ሥራ ብለው ፓርቲዎን የረሱበትን ዘመን አላውቅም።

አራተኛው ይከብደኛል። ትናንት ከኬሮካ የመጣች ሴት ተዋወቅሁ። ባለሻንጣዋ ኛንቻማ ናት አለችኝ። የገባችበት የትልቅ ሰው ቤትም የእርስዎ ነው አለችኝ።

አባባ፣ ሻንጣው ቤትዎ ነው? ጣራው የተሠራው በምንድነው?

ውሸት ነው ይበሉኝና እኔ ልፈር።

ቦሲቦሪ

*

ኦገስት 2

ለቦሲቦሪ፣

ሰላምታ ይድረስሽ።

በዚህ ዕድሜዬ ከሥጋ ዘመዴ እንዲህ ያለ ጥያቄ ይመጣብኛል ብዬ አላሰብኩም። ቆርቆሮው የተገዛው ጊደሬን ሸጬ ነው። ገዢው ኦምዌንጋ ነው፤ እሱን ጠይቂ፣ የመሰላል ሰው ስለሆነ ታምኚው ይሆናል። ያንቺን ገንዘብ የተውኩት፣ የሰው ልጅ ላይ ቀይ መስመር በምታሰምር እጅ የመጣ ሳንቲም በወንድሜ ጣራ ላይ እንዲወጣ ስላልፈለግኩ ነው።

ስለ ኛንቻማ ልንገርሽ፤ የሠራሽውን እንድታውቂው። የሙሽራው አባት ማኮሪ ባለፈው እሁድ ሽማግሌዎቹን ይዞ መጣ። ከእኛ ርቆ በኛሚራ በኩል ነው የሚኖረው፤ የሚያውቀው በስልኩ የደረሰውን ብቻ ነው። በስልኩ የደረሰው ደግሞ ያንቺ ጽሑፍ ነው። ምግብ ቀረበለት፤ አልነካም።

«ሞማኚ፣ ልጅህን እወዳታለሁ» አለኝ። «ግን ወደ ቤቴ የምትገባ ሴት የተሸከመችውን ማወቅ አለብኝ። ውስጡ ምን ነበር?»

ኛንቻማ ሳህን ይዛ ቆማለች። ወደ እኔ አየች። እኔ ምግቡን ወደ ማኮሪ ገፋ አደረግሁ።

«አንቺ ተናገሪ» አላት።

«አባባን ጠይቁት» አለችና ወጣች።

ማኮሪ እጁን ሳይታጠብ ተነስቶ ሄደ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ልጄ ምግብ ታቀርብልኛለች፣ ከኔ ጋር ግን አትበላም። የቤተ ክርስቲያን መዘምራኑም «ነገሩ እስኪጠራ ትንሽ ዕረፊ» ብለዋታል።

ቦርሳው ውስጥ የነበረው ቦት ጫማዬ ነው። የራሴው ጫማ፣ ታጥቦ፣ ደርቆ። ነገሩ ይኸው ነው። ከዚህ ሌላ አትጠይቂኝ።

ሞማኚ

*

ኦገስት 13

ለማከብርዎ አባባ ሞማኚ፣

ይቅርታ እየለመንኩ፣ እጅዎን በሐሳቤ እየሳምኩ እጀምራለሁ። በጣራው የጠረጠርኩዎት ስህተቴ ነው። ሌላም ስህተት አለብኝ። ያኔ ለእኔ የደረሰኝ ወሬ «ቦርሳ» የሚል ነበር። ቦርሳ ለገንዘብ ትንሽ መስሎኝ፣ ስጽፈው «ሻንጣ» አደረግሁት። ያ ሻንጣ ዛሬ ኛንቻማ ጀርባ ላይ ነው። ጽሑፉን አንስቼ «ተሳስቻለሁ» ብዬ ጻፍኩ። እዚህ ያሉ የከበሮ ሰዎች «አንቺንም ገዙሽ» አሉኝ። የእሁዱን ስብሰባ ጥሪም አቋረጡብኝ።

ግን አባባ፣ ቦት ጫማዎ ሞጋካ ቢሮ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?

ይህን ጥያቄ ይዤ ለሥራ ወጣሁ። ሽማግሌውን ገላቸውን ሳጥብ «ዛሬ ምን ሆነሻል?» አሉኝ። «የፓርላማ ሰው የገበሬ ቦት ጫማ ለምን ይዋሳል?» አልኳቸው። «ጭቃ ውስጥ ሊገባ ነዋ» አሉኝ፤ በቃ፣ እንደ ቀላል ነገር።

እዚያው ቆሜ ቀረሁ። ጭቃው የት ነበር? በጋሼ ኦንጌሪ መቃብር ጉድጓድ አጠገብ። መቼ? ሐሙስ። የኛ ሰው ለምን ሐሙስ እንደሚቀብር እንግሊዞቹ አያውቁም፣ ናይሮቢ ያሉት የፓርቲ አለቆችም አያውቁም፤ እኔ ግን አውቃለሁ፤ አውቄም አላሰብኩትም። ሞጋካ ከተመረጠ ጀምሮ በአካባቢው የቀረበት ቀብር አለ? የማንም ምስኪን አፈር ሲለብስ ቆሞ የሚያየው ሰው፣ የሊቀ መንበሩ ወንድም ሲቀበር ይቀራል?

ፊልሙ ዝናብ አልገባበትም፤ ሞጋካ ነው የገባበት።

እኔ ለማንም አልናገርም። እኔ ብናገር ሩቅ የተቀመጠች ሴት ወሬ ነው፤ ይህንንም ሻንጣ ያደርጉታል። መናገር የሚችል አንድ ሰው ነው። ኛንቻማ ቦት ጫማ ነው ብትል «የአባትሽ ጫማ እዚያ ምን ሊሠራ ሄደ?» ይሏታል፤ ያን ስትመልስ እርስዎን አሳልፋ ትሰጣለች። ስለዚህ ዝም አለች። እርስዎ ግን ምን ይዞዎት ነው ዝም የሚሉት?

በራሷ የምታፍርና የምትወድዎ፣
ቦሲቦሪ

*

ኦገስት 27

ለቦሲቦሪ፣

ጌታ ጸጋውን ያብዛልሽ።

ደብዳቤሽን አንብቤ መጀመሪያ የጠየቅሁት አንድ ነገር ነው። ማን ነገራት? ኛንቻማን ጠርቼ «ለቦሲቦሪ ጽፈሻል?» አልኳት። «አልጻፍኩም። ለማንም አልተናገርኩም አባባ» አለችኝ። «ብናገር ኖሮ ሽማግሌዎቹ እስካሁን ተስማምተው ነበር።» ይህን ብላ ወደ ሥራዋ ሄደች። እኔ የተቀመጥኩበት ቀረሁ።

እንግዲህ ስሚኝ። ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ፣ ጉድጓዱ እየተቆፈረ ሳለ ሞጋካ ደወለልኝ። «አባባ፣ ድምፁን ወደ ነገ አዞሩት። እባክዎ ቀብሩን ለእሁድ ያድርጉልኝ» አለ። ዙሪያዬን ሰው ከቦኛል። የተቆፈረ ጉድጓድ ባዶውን አይከርምም፤ አስከሬኑም ከሆስፒታል ወጥቷል። ግን እውነቱን ካልሽ፣ እሱ የራሱን ንግግር አዘጋጅቶ ናይሮቢ ሊቀመጥ፣ እኔ ወንድሜን ያለ ፓርላማ ሰው ልቀብር መሆኑ ነው የቆጨኝ። «ወንድሜ በፓርቲ ቀጠሮ አይቀበርም» አልኩት። «ነገ ካልመጣህ ለምርጫም እንዳትመጣ።» በዙሪያዬ የነበረው ሁሉ አጨበጨበ። አንዱ ስልኩን ከእጄ ወስዶ «ሰምተሃል አይደል፣ የሁላችንም ቃል ነው» አለው። ይህን ያለው ማን መሰለሽ? ኦምዌንጋ። ቀብር ላይ መሰላልና ከበሮ የለም።

መጣ። የፓርላማ ጫማውን መኪናው ውስጥ ትቶ በእኔ ቦት ጫማ ጉድጓዱ አፍ ላይ ቆመ። ካሜራውንም የሰውን ስልክም አስጠፋ፤ ፊልም የለም፣ ዝናቡ የእኔ ውሸት ነው። ንግግር እንኳ አላደረገም፤ በልቶ፣ መበለቷን አጽናንቶ፣ ጫማውን ሳይመልስ ሄደ።

አመሻሹ ላይ ቅጠል መረከቢያው ጋ ቆመን ሬዲዮ እንሰማለን። ሕጉ በአንድ ድምፅ አለፈ አለ። እኩል ለእኩል ቢሆን ኖሮ ይወድቅ ነበር አለ። ከላይኛው መንደር የመጣ አንድ ሰው፣ ቀብሩ ላይ ያልነበረ፣ «ሞጋካ የት ሄዶ ነው?» አለ። ቦሲቦሪ፣ እዚያ የቆምነው ሁላችን ከእጃችን በልቶ ከሄደ ገና ሰዓታት ናቸው። አንዱ ሌላውን አየ። እኔ ሊቀ መንበሩ ነኝ፤ የሚጠብቁት እኔን ነበር። ሚዛኑን አየሁ። ከኋላ አንዱ «ገዝተውት ይሆናል» አለ። ማንም አይደለም አላለም። እንደዚያ ነው የተጀመረው፤ ከዚያ ወዲህ እሱን ያየ ሰው በመንደራችን የለም።

በፊርማ ባባርረው ለእኔ ቀላል ነበር፤ ያንን እንኳ አቅቶኛል። አንድ ቀን ግን ላደርገው ነበር፤ ይህን ብነግርሽ ይሻላል።

ሴፕቴምበር አጋማሽ ላይ ላለው ሰኞ ገበሬውን ጠርቻለሁ። በመረከቢያው ሳይሆን በግቢዬ፣ ከወንድሜ መቃብር አጠገብ። ማኮሪንም አስጠርቻለሁ፤ እመጣለሁ ብሏል። ሞጋካ ግን አይናገሩ ይለኛል። «መራጩን ጥፋተኛ ያደረገ ሰው ተመልሶ አይመረጥም፤ ተገዛ ብባል እመርጣለሁ፤ የተገዛ ሰው ይረሳል» አለኝ። እመጣለሁም አልመጣምም አላለም።

ተነስቶ መናገሩ አይደለም የሚያስፈራኝ። ተናግሬ ስጨርስ ሁሉም «እኛ አላየነውም» ቢሉኝ፣ ማኮሪ ፊት፣ ልጄ ፊት፣ ያኔ ምን እላለሁ? ልጁን ለማዳር ውሸት የፈጠረ ሽማግሌ እሆናለሁ። ቦርሳዋም ለዘላለም ሻንጣ ሆኖ ይቀራል።

ገንዘብ አትላኪ። ሰኞን አስቢኝ።

አባትሽ፣
ሞማኚ

*

ይህን የምጽፈው ዓርብ ነው። መጽሔታችን ማተሚያ ቤት የሚገባው እሁድ፣ እናንተ እጅ የሚደርሰው ረቡዕ ስለሆነ ለሞማኚ የገባሁትን ቃል አላፈረስኩም።

ትናንት ኛንቻማን ሥራዋ ድረስ ሄጄ ጠየቅኳት። የቢሮው በር ላይ አንዱ በከሰል «ሻንጣ» ብሎ ጽፎበታል፤ እሷ ውሃና ጨርቅ ይዛ እያሸች ነበር።

«አባትሽ የሚናገሩ ይመስልሻል?»

«ይናገራል። ሁለት ጊዜ ሲለማመድ ሰምቼዋለሁ፤ ለላሟ።»

«ሌላውስ ሰው?»

ጨርቁን ጨመቀች። «ሴቶቹን እየዞርኩ ነው። ቀብሩ ላይ ያበሰሉት እነሱ ናቸው፤ አይናችን ውስጥ ጭስ ገብቶ አላየንም ሊሉ አይችሉም። እጁን ያስታጠበችው ሴት ባሏ የመሰላል ሰው ነው። ‹ሞጋካ እዚህ ነበር ካልኩ ለከበሮ አዳላሽ ይለኛል› አለች። ሳህኑን ያቀረበችለት ደግሞ የከበሮ ሴቶች ሰብሳቢ ናት። ‹ከበሮ በራሱ ሰው እጅ ወደቀ ልታስብሉኝ ነው?› አለችኝ። ኦምዌንጋን ጠየቅሁት። ‹የቱን ስልክ?› አለኝ።»

«ታዲያ ማንም?»

«የጋሼ ኦንጌሪ ሚስት። እሷ ለመለመን እንኳ ጊዜ አልሰጠችኝም። ‹ባሌን አብሮኝ የቀበረውን ሰው አላየሁም የምለው ለየትኛው ፓርቲ ብዬ ነው?› አለች። ግን እትዬ፣ እሷ የቤታችን ሰው ናት። ማኮሪ የእሷን ቃል ከአባባ ቃል ለይቶ አይቆጥረውም። ከሌላ ቤት አንድ ሰው ያስፈልገኛል። አንድ።»

አንድ ሰው። ፓርላማውም ጎድሎበት የነበረው ያው አንድ ነው፤ ይህን ግን አልነገርኳትም፣ በቂ ሸክም አላት። ጨርቁን ተቀበልኳትና የቀረውን ፊደል እኔ አሸሁት።

ሰኞ ከሴቶቹ ጋር ነው የምቀመጠው፤ ከእጅ አስታጣቢዋ ጎን ቦታ እንድትይዝልኝ ለኛንቻማ ነግሬያታለሁ። ሞማኚ ተናግሮ ሲጨርስ፣ ከመበለቷ በኋላ ማን ከወንበሩ እንደተነሳ፣ ወይም ማንም እንዳልተነሳ፣ በስሙም ባይሆን በመልኩ በሚቀጥለው እትም እነግራችኋለሁ።